የፅጌረዳ አጎበር

በ1961 ዓ.ም. መስከረም፣ ለመስቀል ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከብቸና ወደ ዓባይ በሚያቆለቁለው መንገድ ሁለት ሰዎች ተከታትለው ይወርዱ ነበር። ፊት የሚሄደው ዋርካዬ የምትባለው የቆላ መንደር ጭቃ ሹም ነው፤ ስማቸው ይባላል፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ በቅሎው ላይ እንደ ድንኳን ተንሰራፍቶ የሚቀመጥ ሰው። ፊደል አይለይም፤ ይሁን እንጂ የመንደሩን ላም ሁሉ በመጠሪያዋ፣ የመንደሩን ሰው ሁሉ እስከ ሰባት ቤቱ በቃሉ ያውቃል። ከኋላው በእግሩ የሚከተለው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ገብረ ሕይወት ነው። የዓዲግራት ልጅ፣ ያውም ካቶሊክ፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የመነጽሩን አንድ ክንድ በክር ያሰረ፣ በቅሎ የሚፈራ። እሱ ደግሞ ካልጻፈው ነገር አንዱንም አያስታውስም፤ ትናንት ምሳውን ከማን ጋር እንደ በላ ቢጠይቁት ደብተሩን ሳይገልጥ አይመልስም። ስለዚህ ያየውንም የሰማውንም ይጽፋል።

እነዚህን ሁለት ሰዎች አንድ መንገድ ላይ ያዋላቸው አጎበር ነው። ባሕር ማዶ ያሉ በጎ አድራጊዎች ለቆላው ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ከወባ መከላከያ የሚሆን ነጭ አጎበር ልከው ብቸና ጤና ጣቢያ ደርሶ ነበር። ገብረ ሕይወት ቤት ለቤት እየዞረ ስም ይመዘግባል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ እያንዳንዱ አጎበር የባለቤቱ ስም በማይለቅ ቀለም የተጻፈበት ቁራጭ ጨርቅ ከጥጉ ላይ ተሰፍቶበት ይመጣል። ሰው አጎበሩን ገበያ አውጥቶ እንዳይሸጠው ሲል ድሬሰሩ ራሱ ያሰበው ዘዴ ነበር፤ የሚጽፈውም የሚሰፋውም እሱ ነው። ስማቸው በሹምነቱ መንገድ መሪ ሆነለት።

የዋርካዬዋ አምሳለች ሁለቱ ሲመጡ ከአጥሯ ሥር ሆና ስታያቸው ሥራዋን ጨርሳ ነበር። የአራት ዓመት ልጇን ፅጌረዳን ባዶው ጎተራ ውስጥ አስገብታ፣ ድምፅ ካላሰማሽ ማር አበላሻለሁ ብላ ክዳኑን ገጥማባታለች። ይህን ያደረገችው በገዛ ሐሳቧ አልነበረም። ስማቸው በዋዜማው በጓሮ በር ብቅ ብሎ መክሯት ነው።

"ነገ አንድ ባለ መነጽር ይዤ እመጣለሁ" ብሏት ነበር። "ስለ ትንኝ ያወራሻል፤ አውሪው። ልጅ አለሽ ወይ ሲልሽ ግን የለኝም በይ።"

"ለምን? አጎበሩ ለልጆች ነው ሲሉ ሰማሁ እኮ።"

"ወይ አንቺ። መንግሥት ለልጅሽ እንቅልፍ የሚጨነቅ መሰለሽ? አምና መሬታችንን ሊለኩ መጥተው እንቢ ስንላቸው ያደረጉንን ረሳሽው? በመሬቱ ሲያቅታቸው በነፍስ ወከፍ መጡ። ዛሬ የተጻፈች ልጅ ነገ ግብር ትጠየቃለች።"

"አንቱስ የእነሱው ሹም አይደሉ?"

"ሹምስ ነኝ። ስለሆንኩ አይደል የማውቀው?"

በዚያ ዘመን በዚያ አገር ይህን ያላመነች እናት ሞኝ ትባል ነበር። የእርሻ ግብሩ ሁከት ገና አልበረደም፤ ደብተር የያዘ እንግዳ ሲመጣ ውሻው እንኳ አጯጯሁ ይለያል። ባሏ ይርሳው ደግሞ አምበር ገበያ በሬ ሊገዛ ሄዶ አልተመለሰም፤ የምታማክረው አልነበራት።

ገብረ ሕይወት በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። "በዚህ ቤት የሚተኛ ሕፃን አለ እመቤት?"

"የለም።"

ይህን እንዳለች ከጎተራው ውስጥ የታፈነ ሳቅ ተሰማ።

"ምንድን ነው?"

"አይጥ ነው።"

ድሬሰሩ ጎተራውን ትኩር ብሎ አየ። "ደስተኛ አይጥ ነው" አለና ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጫር አድርጎ ወጣ። ስማቸው ከት ብሎ ሳቀ፤ በቅሎውንም ወደሚቀጥለው ቤት መራ። አምሳለች ልጇን አወጣች፤ ማሩንም ሰጠቻት። በዚያን ቀን ከአንድ ሞኝ የመንግሥት ሰው ልጇን ያተረፈች መስሏት ኮርታ ነበር።

አጎበሩ በመጣ ጊዜ የሱሃ ወንዝ ሞልቶ አላሻግር አለ። ገብረ ሕይወት ከማዶ ሆኖ ሁለት እስር በጠፍር አሻገረ፤ ስማቸውም ተቀብሎ በአንድ ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን አትሞ መለሰ። አንደኛውን እስር ስማቸው የዚያኑ ዕለት ለተመዘገቡት ቤቶች አደለ። ሁለተኛው የላይኛው መንደር ነው ብሎ ቤቱ አስገባው። ማንም አልጠየቀም። ልጁን የደበቀ ሰው አጎበር አልደረሰኝም ብሎ ምን አፍ አለው?

በኅዳር ወባው ገባ። ፅጌረዳን መጀመሪያ ብርድ ብርድ አላት፤ ቀጥሎ ነደደች፤ በሦስተኛው ቀን እናቷን መለየት ተሳናት። ይርሳው ጀርባው ላይ አዝሏት ወደ ብቸና ሲሮጥ ዳገቱ መካከል ላይ ክብደቷ ተለወጠበት። አላቆመም፤ ከዳገቱ አናት ደርሶ ነው ያወረዳት።

ከቀብር መልስ፣ ለቀስተኛው ሲበተን፣ ይርሳው ሚስቱን ጠየቃት። "ከጎረቤታችን ከፋንታ አጠገብ ባለው ቤት አጎበር ተሰቅሎ አየሁ። ማዶም አየሁ። የኛ የት ነው?"

"አልጻፈንም" አለች አምሳለች።

ቃሉ እሷ እስከምታውቀው ሐሰት አልነበረም፤ ግማሹ ግን ጎተራ ውስጥ ቀርቷል። ቀሪውን ግማሽ ልታወጣው አፏን ከፈተች። በዚያች ቅጽበት የይርሳው ታናሽ ወንድም በላቸው ቀደማት።

"ካቶሊክ አይደል? የሚጾሙትን ቤቶች እየመረጠ ነዋ የዘለለው። ደብተር ይዞ ሲዞር እኔ ያን ጊዜም አላማረኝም።"

ይርሳው ከዚያን ቀን ጀምሮ ጢሙን ሳይላጭ ተወው፤ ማኅበሩን ተወ፤ ከማንም ጋር አንድ ጽዋ አልጠጣም አለ። ምንሽር ጠመንጃውን በየማለዳው ይወለውላል። ደሙ ያልተመለሰለት ሰው በዋርካዬ እንዲህ እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል፤ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። እናቱ ወይዘሮ ይርጋነሽ እንኳ ልጃቸውን ሲያዩ ዝም ብለው ጥይቶቹን ከልጆች እጅ አርቀው ያስቀምጡለት ነበር።

አምሳለች ከል ለብሳ፣ ጠጉሯን ተላጭታ፣ ምድጃው ዳር ትቀመጥና ያንን ምንሽር ታያለች። አንድ ቃል ብትናገር ጠመንጃው ወደ ግድግዳው ይመለስ ነበር። አልተናገረችም። ስለ ፅጌረዳ አንድ ሰው መሬት ላይ ሲወድቅ ማየት ትፈልጋለች፤ ያ ሰው እሷ እንዳትሆን ደግሞ አብልጣ ትፈልጋለች። ባለ መነጽሩ ድሬሰር ቀጭን ነው፤ እንግዳ ነው፤ ዘመድ የለውም፤ የሚያለቅስለት አይኖርም። እንዲህ እያለች ነገሩን ለራሷ አለሳለሰችው።

ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን ይርሳው በሬዎቹን እያሰማራ፣ ፊቷን ሳያይ፣ "ያ ሰውዬ ሰኞ የወባ መድኃኒት ግድግዳ ላይ ሊረጭ ይመጣል አሉ" አላት። "አንቺ ሞጣ እህትሽ ዘንድ ሂጂ። ሳምንት ቆይተሽ ትመለሻለሽ።"

"ምን አድርጊ ብለህ?"

"ናፍቃሻለች።"

እህቷ ውበቴ በዕድሜዋ ማንንም ናፍቃ አታውቅም። አምሳለች ነገሩ ገባት፤ ገብቷትም ስንቋን ቋጠረች።

ውበቴ ሞጣ ላይ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትኖር፣ ከምላሷ በቀር ረዳት የሌላት ሴት ናት። እህቷን በሩ ላይ አቅፋ ትንሽ አለቀሰች፤ እንባዋን ሳትጠርግም ወደ ወሬው ገባች።

"በደህና ጊዜ መጣሽ፤ ሰፈሩ ሰርግ ነው። የናንተው ጭቃ፣ ስማቸው፣ ልጁን እሑድ እዚሁ በገዛ አባቱ ቤት ይድራል፤ ያውልሽ አጥሩ። ዳሱን ብታይው የጃንሆይን እልፍኝ አስንቆታል። ጋን አበድሬያቸዋለሁ፤ ነይ አንደኛውን ጆሮ ያዥልኝ።"

"ከል ለብሼ ሰርግ ቤት?"

"ዛሬ ዓርብ ነው፤ ገና ዳስ ነው እንጂ ሰርግ አይደለም። ደግሞ በጓሮ ነው የምንገባው። ማን ያይሻል?"

ሁለቱ ጋኑን ይዘው በጓሮ ገቡ። ዳሱ ሰፊ ነበር። ጣሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ በስስ ነጭ መረብ ተሸፍኗል፤ የረፋዱ ፀሐይ በዚያ ተጣርቶ ሲወርድ ሥር ያሉት ሴቶች ሁሉ ወተት የፈሰሰባቸው ይመስላሉ። መረቡን ከምሰሶ ምሰሶ እየወጠሩ ይሰፋሉ፤ ይሳሳቃሉ።

ስማቸው ከመሐል ቆሞ ያዛል። አምሳለችን ሲያይ ፊቱ ላይ አንዳች ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ወዲያው ሳቁ ተመለሰ።

"አምሳለች። እግዜር ያጥናሽ። ምነው በዚህ ልብስ እስከዚህ?"

"ጋን ይዤ ነው ጋሼ ስማቸው። አሁን እወጣለሁ።"

"ግድ የለም፣ አረፍ በይ። አየሽልኝ? ባሕር ዳር ያለ አንድ ነጋዴ ወዳጄ ነው ያመጣልኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሞጣ ታይቶ አይታወቅም።"

"ያምራል" አለች አምሳለች።

ዓይኗ ያረፈው ገና ባልተወጠረው፣ ወደ መሬት በተንዘረፈፈው ጥግ ላይ ነበር። አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ተሰፍታበታለች፤ በጨርቋም ላይ ጽሕፈት አለ። አምሳለች የመሪጌታ ልጅ ናት። አባቷ ወንዶቹን ሲያስጠኑ እሷ ከግድግዳው ኋላ ጥጥ እየፈለቀቀች ፊደሉን ለቅማ፣ ዳዊት እስከ መድገም ደርሳ ነበር። ካገባች ወዲህ መጽሐፍም አላየች፣ አንብቢ ያላትም የለም፤ በዋርካዬ ማንበቧን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አሁን ጎንበስ ብላ አነበበች። ሙሉአለም ፋንታ፣ ዋርካዬ፣ ዕድሜ 3። የፋንታ ልጅ። ከፅጌረዳ በሳምንቱ የቀበሩት።

ወደሚቀጥለው ጥግ ሄደች። ኃይለ ጊዮርጊስ። ይህኛው በሕይወት አለ፤ ጆሮው ግን ከንዳዱ ወዲህ አይሰማም። ወደ ሦስተኛው ሄደች።

ፅጌረዳ ይርሳው፣ ዋርካዬ፣ ዕድሜ 4።

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ልጇ ተጽፋ ነበር። ስሟ ተጽፎ፣ ተሰፍቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ መጥቶ ነበር። ታዲያ ለድሬሰሩ ማን ነገረው? ፅጌረዳ ጎተራ ውስጥ እንደ ነበረች ያወቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ደብቂያት ብሎ ለእናቲቱ የመከረ፣ ጻፋት ብሎ ለጸሐፊው የነገረ፣ እናቲቱ አፍራ እንደማትጠይቅ ያሰላ ሰው። ያ ሰው አሁን ከፊቷ ቆሞ ምሰሶው ጠመመ እያለ ነው።

መጀመሪያ የመጣባት እዚያው ዳሱ መሐል ተቀምጣ ሙሾ ማውረድ ነበር፤ ሰርጉ ሰርግ ሆኖ እንዳይታሰብ፣ ሙሽራዋ እስክታረጅ ድረስ ሰው ለቅሶውን እንዲያወሳባት። ቀጥሎ ትሪው ላይ ያለውን ቢላ አየች። በመጨረሻ ዓይኗን ወደ ጨርቋ መለሰች። 

"ጋሼ ስማቸው፣ ይህቺ ቁራጭ ጨርቅ ግን ታስነውራለች።"

"የቷ?"

"ይህቺ። በየጥጉ አለች እኮ። ምንድን ናት?"

ስማቸው ጎንበስ ብሎ ጨርቋን በጣቱ ዳሰሳት። ሰው ሁሉ ፊደል የማይለይ ከሆነበት መንደር የመጣ ሹም፣ በጽሕፈት ይፈራል እንጂ በጽሕፈት አይጠረጥርም። "የፋብሪካው ምልክት ናት" አላት።

"ሙሽራ የምትቀመጥበት ላይ የፋብሪካ ምልክት ተንጠልጥሎ ሲታይ የሞጣ ሰው አይስቅባችሁም? ምላጭ ስጡኝ፤ ልንቀልላችሁ።"

"ወይ አምሳለች። በሐዘንሽ ላይ ለኔ ደስታ ትጨነቂ። እግዜር ውለታሽን ይክፈልሽ።"

"ይከፍለኛል" አለች።

ምላጩን ራሱ አቀበላት። ከፍ ያሉትን ስትደርስ በርጩማ አመጣላት፤ እንዳትወድቅም ደግፎ ያዘላት። አምሳለች ክሩን አንድ በአንድ እየበጠሰች፣ እያንዳንዱን ስም በልቧ እያነበበች፣ አሥራ አንድ ጨርቅ ነቀለች። ከአሥራ አንዱ አራቱን ቀብረዋቸዋል።

"ጣያቸው እንግዲህ" አላት ስማቸው።

"ለኩራዝ ክር ይሆኑኛል" ብላ መቀነቷ ውስጥ ጠቀለለቻቸው።

ውጭ ሲወጡ ውበቴ እህቷን ዞር ብላ አየቻት። "ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ ለበሰ።"

"ነገ እሄዳለሁ።"

"ሳምንት እቆያለሁ ብለሽ አልነበር?"

"ናፍቆትሽ ወጣልኝ።"

ቅዳሜ ማለዳ በጭነት መኪና ወደ ብቸና ተሳፈረች። እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ አንድ ጣፋጭ ሐሳብ እያኘከች ሄደች። ለይርሳው አንዲት ቃል ብቻ ትነግረዋለች፤ ምንሽሩ ከድሬሰሩ ወደ ስማቸው ይዞራል፤ ስለ ጎተራው ማንም ምንም ሳያውቅ ይቀራል። ስማቸው ከበቅሎው ሲወድቅ፣ ሳቁ ጉሮሮው ውስጥ ሲቀር ታያት። ደስ አላት። ሐሳቡን ደግማ ደጋግማ አየችው።

ከደብረ ወርቅ ወዲህ ግን ሐሳቡ እየኮመጠጠ መጣ። ስማቸው ከተገደለ በአንድ ቀን ያልቅለታል። በካህን ይቀበራል፤ ደግ ሹም ነበር ተብሎ ይለቀስለታል። ይርሳው በረሃ ይገባል። የአሥራ አንዱ ሕፃናት ስም የኩራዝ ክር ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ሰውዬ ጥይት ታንስበታለች። እንዲኖር ትፈልጋለች፤ ረጅም ዕድሜ፣ ጤና፣ መልካም ዓይንና ጆሮ ኖሮት፣ እያየና እየሰማ።

ገብረ ሕይወት ከጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ የመርጫውን ጎማ ይጠግን ነበር። ማን እንደ ሆነች አላወቃትም። ስሟን ስትነግረው ደብተሩን ገለጠ።

"አምሳለች፣ ዋርካዬ። አይጥ ያለበት ቤት።" ፈገግ አለ። "እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ። ሳቋን ስሰማ ነው ጭቃ ሹሙን የጠየቅሁት። እናቶቹ ፈርተው ነው፣ የደበቋቸውን ሁሉ እኔ አውቃለሁ ብሎ በቃሉ ነገረኝ። ለብቻ አስሬ ላክሁላቸው። ደህና ናት?"

"ሞተች።"

መነጽሩን አወለቀ፤ የሚያደርግበት ቦታ እንዳጣ ሰው እጁ ላይ ያዘው። አምሳለች ጨርቆቹን ከመቀነቷ ፈታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት፤ ዳሱንም ነገረችው። ገብረ ሕይወት ገብቶ አንድ ወረቀት አመጣ። አሥራ አንድ ስም፤ ከሥሩ የስማቸው አውራ ጣት፣ ሰፊ፣ ጥቁር፣ አንድም መስመር ያልጎደለው።

"ሌላም ነገር አለ" አለችው። "ባሌ ሰኞ መንገድ ላይ ይጠብቅዎታል። ሊገድልዎ።"

"እኔን? ምን አድርጌ?"

"አልጻፈንም ብዬው።"

"ጽፌያት ነበር እኮ።"

"አዎ።"

 ድሬሰሩ የተናደደው ቀስ ብሎ ነው፤ ሲናደድ ግን ጆሮው ቀላ። "ሁለት ወር ሙሉ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር። እንዲገድልዎም እፈልግ ነበር። ይህንንም ይጻፉት።"

ጻፈው። ከዚያ ለፖሊስ ልንገር አላት።

"ፖሊስ ከወረደ መንደሩ ጠመንጃ ያነሣል፤ ስማቸውም በግርግሩ ያመልጠኛል" አለችው። "እኔ ነገ ቤቴ ልግባ። እርስዎ ሰኞ ይምጡ። ካልመጡ ምስክር የለኝም፤ ወረቀቱ ብቻውን አይናገርም።"

"ነገሩ ካልሆነልዎትስ?"

"ከሆነልኝ ወንዙ ዳር ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ካላዩኝ አይሻገሩ።"

ገብረ ሕይወት እስክሪብቶውን በምላሱ አርሶ ጻፈ። ሰኞ፣ ዋርካዬ። ሴትዮዋ ከቆመች ብቻ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤተሰቡ ቤት ተሰብስቦ ነበር፤ ይርሳው፣ በላቸው፣ ወይዘሮ ይርጋነሽ። ምንሽሩ በሩ አጠገብ ተደግፏል። አምሳለች ስትገባ ይርሳው ከመደቡ ላይ ተነሣ።

"ሳምንት ብዬሽ አልነበር?"

"ተቀመጥ" አለችው። በትዳራቸው ውስጥ እንዲህ ብላው አታውቅም፤ ተቀመጠ።

አሥራ አንዱን ጨርቅ አጎዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደረች። የእያንዳንዱን ስም አነበበች። በላቸው "ማንበብ ከየት አመጣሽ እታለም?" ሲል ወይዘሮ ይርጋነሽ በእጃቸው ዝም አሰኙት። የመጨረሻዋን ስታነብ ይርሳው ጨርቋን አነሣት፤ ማንበብ ባይችልም ገልብጦ አያት፤ መልሶም አያት።

"ተጽፋ ነበር" አለችው። "ድሬሰሩ ጽፏት ነበር። አጎበሯን ስማቸው ወሰደው፤ ዛሬ የልጁን ሙሽርነት አጊጦበታል፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ይህ አንድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይኸውልህ። ድሬሰሩ ሲመጣ ፅጌረዳን ጎተራ ውስጥ ደብቄያት ነበር። ስማቸው ደብቂ አለኝ፤ የደበቅኋት ግን እኔ ነኝ። ልጅ የለኝም አልኩ። እሷ ውስጥ ሆና ሳቀች፤ አይጥ ነው አልኩ።"

ይርሳው ጨርቋን አጎዛው ላይ መለሳት። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ቀርቶ ባዶ ሆነ። እናቱ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

"ሁለት ወር" አለ በመጨረሻ። "ሁለት ወር ይህንን ጠመንጃ ስወለውል አጠገቤ ተቀምጠሽ።"

"አጠገብህ ተቀምጬ።"

በላቸው ብድግ አለ። "የሷን በኋላ ትጠይቃታለህ ወንድም ጋሼ። አሁን ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞጣ መንገድ ላይ ልሁን። ሰርገኛው ሲበተን አገኘዋለሁ።" ወደ ምንሽሩ ሲራመድ አምሳለች ከበሩ ፊት ቆመች።

"አትነካውም።"

"ልጅሽን የገደለ ሰው ነው።"

"ልጄን ስለ ሆነ እኔ ነኝ የምፈርድበት። አንተ ብትገድለው የሚያመው የአፍታ ነው፤ እኔ የማስከፍለው ግን ዕድሜውን ሁሉ ነው።"

ወይዘሮ ይርጋነሽ ነጠላቸውን ከአፋቸው አነሡ። "ተናገሪ እንግዲህ" አሉ። "ምን ቆረጥሽ?"

አምሳለች ጨርቆቹን ሰብስባ መቀነቷ ውስጥ መለሰቻቸው። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

"ነገ ማለዳ ወንዙ ዳር ቆሜ ድሬሰሩን እቀበለዋለሁ፤ መጀመሪያ የሚገባውም እዚህ ቤት ነው። ይርሳው፣ እጁን ታስታጥበዋለህ። ምስክሬ ነውና ጠጉሩ አይነካም። ስማቸው ከልጁ መልስ ተመልሶ ሲመጣ፣ በመጀመሪያው እሑድ፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እቆማለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ የራሴን እናገራለሁ፤ ጎተራውንም ሳቋንም። ምራቅ የሚተፋ በኔ ይጀምር። ከዚያ አሥራ አንዱን ስም ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ስማቸው እፊቴ ቆሞ ይሰማል። ሽማግሌ ቢልክ አንድ ነገር ብቻ እቀበላለሁ። አጎበሮቹን በገዛ እጁ ከቤት ቤት እየዞረ በየመደቡ ይሰቅላቸዋል፤ ልጅ ባለበትም፣ ልጅ በሌለበትም፤ የፅጌረዳንም እዚህ፣ ባዶው መደብ ላይ። እኔ በርጩማውን ደግፌ እይዝለታለሁ። ሰቅሎ ሲጨርስ ይቅርታ የለኝም፤ ወረቀቱን ይዤ ብቸና አውራጃ ፍርድ ቤት እከሰዋለሁ፤ ሹመቱ ይገፈፋል፤ እየታሰረም እየተፈታም እዚሁ መንደር ይኖራል፤ በየመስከረሙ እየሄድኩ ልጄ ስንት ዓመት እንደሚሆናት እነግረዋለሁ። ከእንግዲህ ድሬሰሩ ሲመጣ ስም የማስጽፈውም እኔ ነኝ፤ ልጅ የሚደብቅ ቤት ካለ ጎተራውን እኔው እከፍታለሁ። አንተ ደግሞ ይርሳው፣ ልትፈታኝ ብትፈልግ መብትህ ነው፤ አልከራከርህም። ፍርዱ እስኪያልቅ ግን ከዚህ ቤት አልወጣም፤ ያ ምንሽርም ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፤ ከዚያ አይወርድም።"